አይጨነቁ፣ በረሃው ተዘጋጅቶልዎታል

ወደ አፋር በረሃ ወርደው ድንኳን ውስጥ ለማደር መመዝገብዎን ሰማሁ። እሰይ! ደግ አደረጉ። የደከመ ሰው ማረፍ አለበት፤ አዲስ አበባ ደግሞ የማታደክመው ሰው የለም። እንደ ቅርብ ዘመድ ቆጥረው ይስሙኝ። ሳንቸኩል ከቤትዎ ደጃፍ ተነስተን እስከ ዳሎል የጨው ሜዳ ደርሰን እንመለሳለን። የሚያስቸግር ነገር የለም። የምነግርዎትን ብቻ ያድርጉ።

የንፋስ ስልክ ላፍቶ ነዋሪ ከሆኑ ደግሞ ዕድለኛ ነዎት። የሥልጠናውን ግማሽ ሳይታወቅዎት ጨርሰዋል።

ከቤት ሳይወጡ

በረሃ ውሃ የለም። ስለዚህ ሰውነትዎን አስቀድመው ያለማምዱ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ ከሆነ ይህን ምክር ይዝለሉት። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ሌሊት ተነስቶ መቅዳት፣ የፈረቃው ቀን ደርሶ ሳይመጣ ሲቀር ደግሞ ቢጫውን ጀሪካን አንጠልጥሎ ደረጃ መውጣት ምን እንደሆነ ለእርስዎ አይነገርም። ሕንፃው ያለ ሊፍት የተሠራው ይህን ቀን አስቦ ነው። ለቡ ወይም ሐና ማርያም ግቢ ያለው ቤት ኖሮዎት ሮቶ ካስተከሉ ግን አዝንልዎታለሁ፤ ኋላ ቀርተዋል። ሮቶውን ለአንድ ሳምንት ይዝጉት። የቤት ሠራተኛዎ ብታጉረመርም ለካምፒንግ እየተዘጋጁ መሆንዎን ያስረዷት። እሷ ባደገችበት ቀበሌ ውሃ የሚቀዳው ረጅም መንገድ ተሂዶ ስለሆነ ቶሎ ይገባታል።

ጨለማም አለ። ጎፋ መብራት ኃይል ለሚኖሩ አንባቢዎቼ፦ ምንም አያድርጉ። ይጠብቁ ብቻ።

አንዳንድ ሰው «ቤቴ ውሃና መብራት ሲጠፋ እየተናደድኩ፣ ጭራሽ ወደሌሉበት አገር ለመሄድ ለምን እከፍላለሁ?» ይለኛል። የዋህ ጥያቄ ነው፤ አልቆጣም። ቤትዎ ሲጠፋብዎት ችግር ነው። ከፍለው ሲያጡት መዝናኛ ነው። ሁለቱን የሚለያቸው ደረሰኙ ብቻ ስለሆነ ደረሰኝዎን ይቀበሉ፤ በደንብም ያስቀምጡት።

ዕቃ ይግዙ። ድንኳን፣ ስሊፒንግ ባግ፣ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ፣ ሁለት ፓወር ባንክ፣ የፀሐይ ክሬም፣ የሚታጠፍ ወንበር፣ ለወንበሩ መያዣ ቦርሳ። የገዙት ሁሉ ዋጋው ተደምሮ እዚያ የሚኖር አንድ ቤተሰብ ካለው ንብረት ቢበልጥ አይደንግጡ። እነሱ ልምድ ስላላቸው በትንሽ ይኖራሉ። እርስዎ ጀማሪ ነዎት።

የጉዞው ቲሸርት ይሰጥዎታል። ይልበሱት።

መንገድ ላይ

ቀጠሮው ሜክሲኮ አደባባይ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። በሰዓቱ ይድረሱ። አውቶቡሱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ይነሳል። በመካከሉ ያለው ጊዜ የትዕግሥት ሥልጠና ነው፤ ለብቻው አያስከፍሉበትም።

በነገራችን ላይ፣ ክፍለ ከተማዎ ውስጥ የባቡር ጣቢያ አለ። ለቡ ላይ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጅቡቲ ባቡር መንገደኛ የሚጭነው ከዚያ ነው። ከደጅዎ ተነስቶ በአዋሽ በኩል ወደ ቆላው ይወርዳል። ወደ ሠመራ አይዞርም እንጂ ቆላ ምን እንደሚመስል ለማየት የሚበቃ መስኮት አለው። አይሳፈሩበት። ለፎቶ አይቆምም። ተሳፋሪዎቹም ቢሆኑ ጉዳይ ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ ጉዳይ ካለው ሰው ጋር መዝናናት አይቻልም።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ግድም ላይ ተቀምጣለች። ዳሎል ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ነው ያለው። ያን ያህል ቁልቁል ሲወርዱ ጆሮ ይደፈናል። መድኃኒቱ ስፒከር ነው። አዘጋጆቹ ስለሚያስቡልዎት ከቃሊቲ ጀምሮ መተሐራን፣ አዋሽን፣ ገዋኔን እስኪያልፉ አያጠፉትም። መጋረጃውን ይዝጉ፤ ከውጭ የሚገባው ፀሐይ ስልክዎ ላይ ያንጸባርቅና ስለ አፋር በረሃ የተሠራውን ቪዲዮ በደንብ እንዳያዩ ያደርግዎታል።

ሚሌ አካባቢ አስጎብኚው ስፒከሩን ዝቅ አስደርጎ ስለ ሐዳር ይነግራችኋል። ድንቅነሽ በኅዳር 1967 ዓ.ም. የተገኘችው እዚያ ነው፤ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ግድም ዕድሜ አላት። ያጨብጭቡ። አጽሟ አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም መቀመጡን፣ እርስዎም በሙዚየሙ በር በታክሲ ስንት ዓመት እንዳለፉ ለማንም አይናገሩ። እሷ ከአፋር ወደ አዲስ አበባ፣ እርስዎ ከአዲስ አበባ ወደ አፋር። ተላለፋችሁ። ያጋጥማል።

ድንጋዮቹ

አሁን ስለ ቅዱሳን ድንጋዮች እመክርዎታለሁ። ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ስለሆነ ቀስ ብለው ያንብቡ።

በመንገዱ ግራና ቀኝ፣ ዛፍ በሌለው ጉብታ ላይ፣ በሰው እጅ የተካበ የድንጋይ ክምር ያያሉ። አፋሮች ዋይደላ ይሉታል። የሙታናቸው ማረፊያ ነው። አዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊ ዊልፍሬድ ቴሲገር በ1926 ዓ.ም. ይህን አገር በግመል ሲያቋርጥ እንዲህ ያሉትን የመታሰቢያ ድንጋዮች እየቆመ አይቷል፤ አኳኋናቸውንም ጽፏል። ለወራት ነው የተጓዘው፤ ጊዜ ነበረው። እርስዎ ያለዎት ዐሥር ደቂቃ ነው።

ዐሥሩን ደቂቃ እንዲህ ይጠቀሙበት። ከአውቶቡሱ ይውረዱ። ጀምበር ሳትጠልቅ ወደ ድንጋዩ ይሩጡ። ከፍ ያለውን ይምረጡ። ይውጡበት። እጅዎን ዘርግተው አድማሱን ይመልከቱ፤ ፊትዎ እንዳይጠቁር ፎቶ የሚያነሳዎት ጓደኛዎ በፀሐይ በኩል ይቁም።

«ጫማ ማውለቅ ይገባኝ ይሆን?» ብለው አይጨነቁ። ሐና ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ጫማዎን ያወልቃሉ። ሙስሊም ከሆኑም መስጊዱ ደጃፍ ላይ ትተውት ይገባሉ። ልጅ ሳሉ የተማሩት ነው፤ ማንም አያስታውስዎትም። ግን ልብ ይበሉ፤ እዚያ በር አለ። አጥር አለ። የሚቆጣ ዘበኛ አለ። እዚህ ምንም የለም። የሚቆጣ ሰው ቢኖር እንኳ በአፋርኛ ነው የሚቆጣው፤ በማይገባን ቋንቋ የተቆጣን ሰው ደግሞ እንደ ሰላምታ ልንቆጥርለት እንችላለን። እጅዎን ያውለብልቡለት።

ከክምሩ ላይ ድንጋይ ቢንከባለል መልሰው ለመካብ አይሞክሩ። አሠራሩን ስለማያውቁ ያበላሹታል።

ልባቸው ስስ የሆነ አንዳንድ ተጓዦች ይህን ካነበቡ በኋላ ሌሊት እንቅልፍ ያጣሉ። «አንድ አውቶቡስ ሙሉ አፋሮች ቅዳሜ ጠዋት እኛ ሰፈር መካነ መቃብር ቢመጡስ? ቲሸርት ለብሰው፣ አያቴ ሐውልት ላይ ወጥተው፣ እጃቸውን ዘርግተው ፎቶ ቢነሱስ?» ይላሉ። ይህን ሐሳብ ከአእምሮዎ ያውጡ። አይመጡም። የአውቶቡሱ ኪራይ ይከብዳቸዋል። ቢመጡም ዘበኛው አያስገባቸውም። ይተኙ።

ስለ ክፍያ

ከሠመራ ወዲያ ፈቃድ፣ የአካባቢው አስጎብኚ፣ የታጠቀ አጃቢ ያስፈልጋል። በጥር 2004 ዓ.ም. ኤርታ አሌ ላይ አምስት አውሮፓውያን ጎብኚዎች ከተገደሉ ወዲህ ያለ አጃቢ መንቀሳቀስ የለም። ለደኅንነትዎ ነውና በደስታ ይቀበሉት። አጃቢው ከድንኳንዎ ውጭ ድንጋይ ላይ ጋደም ይላል። ትርፍ ፍራሽ ቢኖርዎት እንኳ አይስጡት። ከተመቸው ይተኛል፤ ከተኛ ማን ይጠብቅዎታል?

አሁን ስለ ገንዘብ። አዘጋጁ የጠየቀዎትን ሳያቅማሙ በቴሌብር ከፍለዋል። ያ ያለቀ ጉዳይ ነው፤ ሰውየው የቢሮ ኪራይ አለበት፤ ለማስታወቂያም ያወጣል። ግመል ነጂው ዋጋ ሲጠራልዎት ግን ይደንግጡ። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ይሂዱ። «ኧረ እኛም ኢትዮጵያውያን ነን!» ይበሉ። ግማሹን ይጥሩለት። እሱ ፀሐይ ላይ ቆሞ ያስባል፤ እርስዎ ጥላ ውስጥ ስለሆኑ አይቸኩሉ። ሲያልቅ ያተረፉት ገንዘብ ሳር ቤት አንድ ማኪያቶ ላይገዛ ይችላል። ቁም ነገሩ ገንዘቡ አይደለም። የአካባቢው ሰው በቱሪዝም ምክንያት ለገንዘብ እንዳይጓጓ መጠበቅ የእያንዳንዳችን ኃላፊነት ነው።

በየመንደሩ ልጆች መኪናውን እየተከተሉ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» ይላሉ። የታሸገ ውሃ የጠየቁ መስሎዎት እንዳይጨነቁ፤ ባዶውን ጠርሙስ ነው። ውሃውን ጠጥተው ይጨርሱና ይወርውሩላቸው። እየሮጡ ሲሻሙ የሚያሳየው ቪዲዮ ብዙ ሰው የሚወደው ነው። ልጁም ዕቃ አገኘ፤ እርስዎም አካባቢ አላቆሸሹም።

አስጎብኚው ሲቆም

ከአፋሩ አስጎብኚዎ ጋር የሚያጋጭ አንድ ነገር አለ፤ ይቆማል። መንገድ ላይ ሌላ አፋር ካገኘ መኪናውን አስቁሞ ይወርዳል። እጅ ለእጅ ተያይዘው ሰላም ይባባላሉ። ጥላ ፈልገው ይቀመጣሉ። ዳጉ ነው። አንደኛው ከየት እንደ መጣ፣ በዐይኑ ምን እንዳየ፣ ምን ከማን እንደ ሰማ ይናገራል። ዝናብ የት ጣለ፣ ሣር የት አለ፣ ማን ታመመ፣ መንገዱ የት ተቆረጠ። ያየውንና የሰማውን ለይቶ ነው የሚናገረው። ሌላው ያዳምጣል፤ ይጠይቃል፤ ተራው ሲደርስ የራሱን ያወራል። ከዚያ ሁለቱም የያዙትን ቀጥለው ለሚያገኙት ሰው ማድረስ አለባቸው። ወሬው ከነምንጩ ስለሚሄድ የፈጠረ ሰው አይሰወርም። ስልክና ጋዜጣ በሌለበት ያን የሚያህል አገር እርስ በርሱ ሲሰማማ የኖረው በዚህ ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን እርስዎ መኪና ውስጥ ነዎት። ሹፌሩ ጥሩምባ እንዲነፋ ያድርጉ። «ፕሮግራም አለን እኮ!» ይበሉ። እስኪመለስ ድረስ ስልክዎን በመስኮት አውጥተው ኔትወርክ ይፈልጉ። ትንሽ ከያዘልዎት ቴሌግራም ይግቡ። ማን እንደ ጻፈው የማይታወቅ፣ ማን እንዳየው ያልተነገረ ዜና ይጠብቅዎታል። ርዕሱን ብቻ ያንብቡና ለቤተሰብ ግሩፑ፣ ለዕድሩ ግሩፕ፣ ለመሥሪያ ቤቱ ግሩፕ ያስተላልፉት። አሁን ዘና ይበሉ። እርስዎም የድርሻዎን ተወጥተዋል።

አስጎብኚው ተመልሶ «ፊት ለፊት ያለው ሜዳ ረጥቧል ይላሉ፤ ዞረን እንሂድ» ቢልዎት አይስሙት። እሱ ከአንድ እረኛ ነው የሰማው። ፕሮግራሙ ላይ የተጻፈው ቀጥታ ነው፤ ፕሮግራሙ ደግሞ ሎጎ አለው። መኪናው እስከ ጎማው አንገት ጭቃ ውስጥ ሲገባ ይውረዱ። ራቅ ብለው ደረቅ ቦታ ይቁሙ። ሲገፉት ቪዲዮ ያንሱ። የሚገፉት እነዚያው ጥላው ሥር ተቀምጠው የነበሩት ሰዎች ናቸው። ዳጉ ጥቅም አለው የምለው ለዚህ ነው፤ ሰው ቅርብ ይገኛል።

ድንኳን አተካከል

ድንኳን ለመትከል ከድንጋይ የጸዳና የተስተካከለ መሬት ይፈልጉ። በዚህ በረሃ እንዲህ ያለ ቦታ አይገኝም የሚልዎትን አይመኑ። ትንሽ ቢዞሩ ያገኛሉ። ጠጠሩ አንድ በአንድ ተለቅሟል። ዙሪያውን ቁርጭምጭሚት የማይደርስ ድንጋይ በሥርዓት ተደርድሮበታል። በአንድ በኩል ድርድሩ ወደ ውጭ ጎበጥ ብሏል። ስፋቱ ለትልቅ ድንኳን ልክ ነው። አንድ አሳቢ ሰው ለእርስዎ ብሎ ያዘጋጀው ይመስላል።

ይትከሉ። ካስማውን ጠለቅ አድርገው ይምቱ። ጎበጥ ያለው በኩል ከነፋስ ስለሚከለል ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ሊያደርጉት ይችላሉ።

ወደ ማምሻው አስጎብኚውና አጃቢው እያመነቱ መጥተው መስገጃ መሆኑን ይነግሩዎታል። ጎበጥ ያለው በመካ አቅጣጫ ነው። ግመል ነጂው፣ ነጋዴው፣ መንገደኛው ሁሉ እዚያ ቆሞ ሲሰግድበት የኖረ ነው። ጣራና ግድግዳ ስለሌለው ግን ይህን ሊያውቁ የሚችሉበት መንገድ አልነበረም፤ ራስዎን አይውቀሱ። ትሕትና ያሳዩ። «ለአንድ ሌሊት ብቻ ነው» ይበሏቸው። እንግዳን «ተነሳ» ማለት ለእነሱ ነውር ስለሆነ ዝም ይላሉ። ድንጋይ ለቅመው ከጎንዎ ሌላ ይሠሩና እዚያ ይሰግዳሉ። ጠዋት ሲነሱ ሁለት ይሆናል። ለሚቀጥለው ግሩፕ ሰፊ ቦታ ተገኘ።

ድንኳንዎ አልቆም ብሎ ሲያስቸግርዎት አንዲት አፋር ሴት ቆማ ልታይዎት ትችላለች። አይፈሩ። ቤቷ ከጎበጡ እንጨቶችና ከሰሌን የተሠራ ነው። ራሷ ታፈርሰዋለች፣ ግመል ላይ ታስጭነዋለች፣ ግጦሽ ያለበት ሲደርሱ ራሷ መልሳ ታቆመዋለች። ዕድሜዋን ሙሉ ካምፒንግ ላይ ናት ማለት ይቻላል። ግን ምክር አይጠይቋት። ሰርተፊኬት የላትም።

ወተት ታመጣልዎታለች። እንግዳ ነዎትና። ዕቃውን በሁለት እጅ ይቀበሉ፤ ከፍ አድርገው ፎቶ ይነሱበት፤ ሆድዎን ስለሚያሰጋዎት በክብር መልሰው ያስቀምጡት። በድርቅ ዓመት ያ ወተት ከማን ልጅ ድርሻ እንደ ተቀነሰ አይጠይቁ፤ የሰው ጓዳ መመርመር ጨዋነት አይደለም። ከዚያ ቱናዎን ይክፈቱ።

ሲመሽ ጸጥ ይላል። በጣም ጸጥ ይላል። ይህ በመጀመሪያ ሊረብሽዎት ስለሚችል ጄኔሬተር መጥቶልዎታል። ዲጄውም አለ። ከዋክብቱን የሚፈልግ ሰው ከመድረኩ መብራት ባሻገር ያገኛቸዋል።

ስለ እሳቱ

ኤርታ አሌ 613 ሜትር ከፍታ ያለው እሳተ ገሞራ ነው። የቀኑ ሙቀት ስለማያስወጣ በሌሊት ይወጣል፤ ፍራሽዎን ግመል ይሸከምልዎታል። በ2009 ዓ.ም. ጥር ላይ የእሳቱ ሐይቅ ሞልቶ ፈሶ፣ ኋላም ወደ ታች ሰምጦ ነበር። እርስዎ ሲደርሱ ጢስ ብቻ ካዩ ለአዘጋጁ ቅሬታ ያስገቡ። ፖስተሩ ላይ ቀይ ነበር።

ጎረቤቱ ሃይሊ ጉቢ በኅዳር 2018 ዓ.ም. ፈነዳ። አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ሕንድ ሰማይ ላይ ደረሰ፤ በረራ ተሰረዘ፤ ዓለም ሁሉ ስለ አውሮፕላኖቹ ጠየቀ። የአፍዴራ አርብቶ አደር ፍየል የምትግጠው ሣር አመድ መልበሱ የተነገረው ወደ ዜናው መጨረሻ አካባቢ ነው። ይህ ተገቢ ቅደም ተከተል ነው። ፍየል ትኬት አትቆርጥም።

ዳሎል

ደረሱ! እንኳን ደስ ያለዎት። ቢጫው፣ አረንጓዴው፣ ዝገት የመሰለው፣ ሁሉም ከመሬት ሥር የሚወጣ ፍል ውሃ የሠራው ነው። ውሃው ብርቱ አሲድ ስለሆነ እጅዎን አይንከሩ። በ1950ዎቹ በተያዘው መዝገብ የዚህ ቦታ ዓመታዊ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነበር። አማካይ ነው፤ ሌሊቱም፣ ብርዱ የሚባለው ወርም ተቆጥሮ።

የጨው ቅርፊቱ ስስ ነው። ከተረገጠ ይሰበራል። ስለዚህ ሲረግጡ ይጠንቀቁ፤ እግርዎን ይቆርጥዎታል። ለማስታወሻ አንድ ቁራሽ ይስበሩና ይያዙ። ትንሿን ይምረጡ። ሁሉም ሰው ትንሿን ብቻ ነው የሚወስደው።

ወረድ ብሎ ካለው ሜዳ ላይ ጨው የሚቆፍሩ ሰዎች አሉ። አንዱ ይፈነቅላል፤ ሌላው ይጠርባል፤ ግመሎች ተራቸውን ይጠብቃሉ። አሞሌ ነው። ቅድመ አያትዎ ገበያ ሲወጡ እንደ ገንዘብ ይዘውት ይሄዱ የነበረው ጨው ከዚህ የወጣ ሊሆን ይችላል፤ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በብዙ የአገሩ ክፍል ሲያገበያይ ኖሯል። ወደ አንዱ ጠራቢ ይጠጉ። መሣሪያውን ይዋሱት። አንዴ ይምቱ። «ወይኔ፣ ከባድ ነው!» ይበሉ። ሁላችሁም ትስቃላችሁ። ፎቶው እስኪያምር ደግመው ይምቱ። የሚከፈለው በጠረበው ልክ ስለሆነ እጁን አጣጥፎ ሲጠብቅዎት ዐይኑ ወደ ፀሐይ ሊሄድ ይችላል፤ ዐይኑን ወደ ካሜራው እንዲመልስ በምልክት ይንገሩት። የሰበሩትን አሞሌ ሊከፍሉ ኪስዎ ቢገቡ እምቢ ይልዎታል። አንዴ እምቢ ካለ አያስጨንቁት።

ሲለያዩ፣ ፎቶውን እንዲልኩለት ይጠይቅዎታል። እነዚህ ሰዎች ብዙ ጊዜ ፎቶ ተነስተው ፎቶውን አላዩትም። በደስታ እሺ ይበሉት። ስልክ ቁጥርዎን ይስጡት፤ የእሱን ለመቀበል ግን አውቶቡሱ ጥሩምባ እየነፋ ስለሆነ ጊዜ አይኖርዎትም።

ጀሞ ሲደርሱ ጫማዎን ያራግፉ። ፎቶዎቹን ይለጥፉ። ድንጋዩ ላይ የቆሙበትን ያስቀድሙ፤ የጨው ጠራቢውን ያስከትሉ። ስሙን ስላልጠየቁት «ከአካባቢው ነዋሪ ጋር» ብለው ይጻፉበት። ከሳምንት በኋላ፣ ኔትወርክ ወዳለበት ከተማ ወጥቶ፣ ካርድ ሞልቶ የሚደውል ሰው ይኖራል። ቁጥሩን ስለማያውቁት አያንሱት። ዘንድሮ አጭበርባሪው በዝቷል።